ውሻችን ለምን ይጮኻል?

ለማታ ተማሪዎች የተደረገ ንግግር



ባለፈው ጊዜ ስለ ንጹሕ ውሃ ተነጋግረን ነበር። ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ውሻ ነው። ይህን ስናገር አንዳንዶቻችሁ ሳቃችሁ። ከኋላ የተቀመጡ አንድ አባትም «ውሻ ደግሞ ምን ትምህርት ያሻዋል? ይበላል፣ ይጮኻል፣ ይተኛል» ሲሉ ሰምቻለሁ። ልክ ነው፤ እኔም ወደዚህ አገር ከመምጣቴ በፊት ከዚህ የበለጠ አላውቅም ነበር። አሁን የማውቀውን ግማሹን ከመጽሐፍ፣ ግማሹን ከእናንተ ነው ያገኘሁት።

ከማድርበት ቤት ወደዚህ ዳስ ስመጣ በአንድ ደጃፍ ማለፍ አለብኝ። በዚያ ደጃፍ ጠርጥር የሚባል ውሻ አለ። ስሙን ያወጣለት ሰው አልተሳሳተም። ጠርጥር የማይጠረጥረው ነገር የለም። ሰው ሲያልፍ ይጮኻል። አህያ ሲያልፍ ይጮኻል። ነፋስ አጥሩን ሲነካውም ይጮኻል። እኔ የከተማ ልጅ ነኝና ፈራሁት። በመጀመሪያው ቀን ድንጋይ ወረወርሁበት። በሁለተኛው ቀን ዱላ ይዤ መጣሁ። ሁለት ወር ሙሉ ጧት በድንጋይ፣ ማታ በዱላ ተዋጋን። እሱም ከቀን ወደ ቀን ባሰበት። በኋላማ ገና ከሩቅ ሲያየኝ ገመዱን ሊበጥስ ይደርስ ነበር።

አንድ ቀን ከኋላዬ ውሃ ቀድተው የሚመጡ አንዲት እናት አዩኝ። እንስራቸውን እንደ አዘሉ ቆሙና «ልጄ፣ አንተ ለእኛ ፊደል ታስተምራለህ፤ ለውሻው ግን ክፋት ታስተምረዋለህ» አሉኝ። አፈርሁ። «ታዲያ ምን ላድርግ እማማ?» አልኋቸው። «ድንጋዩን ጣል። አትሩጥ። ዓይን ዓይኑን አትየው። እንደ ሰው እለፍ» አሉኝ። በኋላ መጽሐፍ ሳገላብጥ የተጻፈውም ይኸው ነበር። ውሻ ትክ ብሎ የሚያየውን ሰው ሊጣላው የመጣ ይመስለዋል። የሚሮጠውን ደግሞ ያባርረዋል።

በዚሁ ሰሞን ጅብ መጣ። ጠርጥር በዚያ ሌሊት እስኪበቃው ጮኸ። ግን ማን ይነሣ? ጌታውም፣ ጎረቤቱም፣ እኔም ሰምተናል። «እሱ እንደሆነ ሁልጊዜም ይጮኻል» ብለን ተኛን። ሲነጋ አህያዋ ከበረቱ ወጥታ ተበልታ ተገኘች። አህያ ማለት ለዚያ ቤት ምን እንደሆነች እኔ ለእናንተ አልነግራችሁም። ወፍጮ የምትሄደው እሷ፣ ገበያ የምትሄደው እሷ፣ እንጨት የምትጭነው እሷ ነበረች። ከዚያ በኋላ ሁሉም በባለቤቲቱ ጀርባ ሆነ።

አባወራው ተናደዱ። ገመድ ይዘው ውሻውን ሊሰቅሉት ወደ ዛፉ ሲጎትቱት ደረስሁ። «ሌሊቱን ሁሉ ጮኾ እንቅልፍ ነሣኝ፤ አህያዬንም አላዳነልኝ። ምን ይሠራልኛል?» አሉ። እኔም «ጮኾ ነበር እኮ፤ ያልተነሣነው እኛ ነን» አልኋቸው። ዝም አሉ። አንድ ወር እንዲሰጡኝ ለመንኋቸው። «እሺ፣ አንድ ወር። ከዚያ ወዲያ ግን አንተም አትለምነኝ፣ እኔም አልሰማህም» አሉ።

እኝህ አባወራ ከመካከላችሁ ናቸው። ፊደል ከቆጠሩ አራት ወራቸው ነበር። ስለዚህ አንድ ነገር አሰብሁ። «ጠርጥር መቼ መቼ እንደሚጮኽ በደብተርዎ ይጻፉ» አልኋቸው። ባለቤታቸው «ለውሻ ደብተር!» ብለው ሳቁ። ግን ተጻፈ። የመጀመሪያው ቀን እንዲህ ይላል፦ «ንጋት። ወፍጮ የሚሄዱ ሴቶች። ጮኸ። ጧት። አስተማሪው። በጣም ጮኸ። ከብት ሲገባ። ጮኸ። እራት ላይ። ጮኸ። አጥንት ጣልሁለት። ዝም አለ። መኝታ። ጮኸ። ጌታ ሆይ መቼ ነው የሚተኛው።»

አንድ ሳምንት ከተጻፈ በኋላ ሁለታችን ቁጭ ብለን አነበብነው። ምን አለፋችሁ፣ ነገሩ ሁሉ እዚያ ደብተር ላይ ነበር።

ጠርጥር የታሰረው ከመንገዱ አጠገብ፣ ከአጥሩ ሥር ነው። ገመዱ ሁለት ክንድ አይሞላም። መንገደኛ ሁሉ በራሱ ላይ የሚረማመድ ያህል ነው የሚያልፈው። ሰው ይመጣል፤ ጠርጥር ይጮኻል፤ ሰውየውም መንገደኛ ነውና ይሄዳል። ጠርጥር ግን ሰውየው መንገዱን እንደሄደ አያውቅም። «እኔ አባረርሁት» ነው የሚለው። በቀን ሠላሳ ሰው ቢያልፍ ሠላሳ ጊዜ ድል አድርጓል ማለት ነው። ድል ያደረገ ደግሞ ነገም ይዋጋል። እኔ መጥቼ ድንጋይ ስጨምርበትማ፣ መንገደኛ ሁሉ ጠላት እንደሆነ በእጄ አረጋገጥሁለት።

እራት ላይ የሆነውንም ተመልከቱ። ሲጮኽ አጥንት ይጣልለታል። እኛ ዝም ልናሰኘው ነው የጣልንለት። ውሻው ግን የተረዳው ሌላ ነው፤ «ጮኽሁ፣ አገኘሁ» ነው የሚለው። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» ትሉ የለም? እንዲህ ከሆነማ ለመብላትም ይጮኻል።

እዚህ ላይ አንድ ሰው ላንሣ። ኢቫን ፓቭሎቭ የሚባል የሩሲያ ሊቅ ነበር። የሚመረምረው ምግብ በሆድ ውስጥ እንዴት እንደሚፈጭ ነበር፤ ለዚህም ሥራው በ1904 በፈረንጆች አቆጣጠር የኖቤል ሽልማት ተሰጥቶታል። ምርምሩን የሚያካሂደው በውሾች ነበርና አንድ ነገር ታዘበ። ምግቡ ገና አፋቸው ሳይገባ፣ የሚያበላቸውን ሰው ሲያዩ ብቻ ለሃጫቸው ይወርዳል። ከዚያ ምግብ ከመስጠቱ በፊት ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ድምፅ ያሰማቸው ጀመር። ድምፅ፣ ከዚያ ምግብ። ድምፅ፣ ከዚያ ምግብ። ከብዙ ጊዜ በኋላ ምግብ ሳይኖር ድምፁን ብቻ ሲሰሙ ለሃጫቸው ወረደ። እናንተም ይህን በከብቶቻችሁ ታውቁታላችሁ። ጨው የሚሰጣትን ሰው ያየች ላም ተጠርታ አይደለም የምትመጣው። ውሻም የሚማረው በዚሁ ነው፤ ከምን በኋላ ምን እንደሚመጣ እያየ። ስለዚህ እኛ «አላስተማርሁትም» ብንልም ቀኑን ሙሉ እያስተማርነው ነው።

ታዲያ ምን አደረግን? መጀመሪያ ቦታውን ለወጥን። ከመንገዱ አንሥተን ከበረቱ አጠገብ፣ ጥላ ካለበት አሰርነው። ገመዱን አስረዘምነው። ውሃ በገል አቀረብንለት። ሌሊት ደግሞ ከብት ገብቶ የግቢው በር ሲዘጋ ተፈታ። አባወራው ይህን ፈርተውት ነበር፤ «የመጣ እንግዳ ቢነክስብኝስ?» ብለው። በእኛ አገር ግን እንግዳ ከውጭ ቆሞ «ቤቶች! ውሻ ያዙልኝ!» ይላል እንጂ ዘው ብሎ አይገባም። ቀንም ሌሊትም ታስሮ የሚኖር ውሻ ጉልበቱን የሚያወጣበት የለውም። ጉልበቱ ሁሉ በጉሮሮው ይወጣል። አንድ ዓይነት፣ የማይሰበር፣ ሙቀጫ እንደሚወቅጥ ሰው ያለ ጩኸት ከሰማችሁ ውሻው የሚናገረው ስለ ሌባ አይደለም። ሰልችቶታል። የጅቡ ጩኸት ሌላ ነው፤ ጠጉሩ ይቆማል፣ ድምፁ ወደ ታች ይወርዳል፣ አንድ ወገን ብቻ እያየ ይጮኻል። ይህን ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ።

ቀጥሎ ምግቡን ጊዜ አበጀንለት። ጧት አንድ ጊዜ፣ ከብት ከገባ በኋላ አንድ ጊዜ። እየጮኸ ሳለ ግን ምንም አይሰጠውም። ዝም እስኪል ይጠበቃል፤ ዝም ባለ ጊዜ እስከ አምስት ተቆጥሮ ይሰጠዋል። (ነገርን ነገር ያነሣዋልና፣ ከብት ወይም በግ ሲታረድ እባጭ ያለበትን ሳንባና ጉበት ለውሻ አትጣሉ፤ ቅበሩት። በዚያ ውስጥ ያለው ትል በውሻው ሆድ አድጎ ዕንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ ጋራ ይወጣና ተመልሶ ለልጆቻችን ይተርፋል።)

ከዚያ አንድ ቃል አስተማርነው፤ «በቃ» የሚለውን። አሠራሩ ይህ ነው። ውሻው ሲጮኽ ጌታው ይወጣል። የጮኸበትን ነገር ያያል። ይህን አትዝለሉት፤ ውሻው ሥራውን ሠርቶ ጠርቷችኋልና ማየት ይገባል። ምንም ከሌለ ቀስ ባለ ድምፅ «በቃ» ይላል፤ ቁራሽ ቂጣ አፍንጫው አጠገብ ያደርጋል። ውሻው ለማሽተት ሲል ጩኸቱን ያቋርጣል። ወዲያው አይሰጠውም፤ እስከ ሦስት ይቆጠራል፣ ዝም ካለ ይሰጠዋል። በማግስቱ እስከ አምስት፣ ከዚያ እስከ አሥር። ኋላ ኋላ ቂጣው እየቀረ ቃሉ ብቻውን ይበቃል።

በዚህ ላይ ሁለት ስሕተት ሠርተናል። አባወራው «በቃ!» ብለው ይጮኹ ነበር። ውሻ ግን ጩኸት ሲሰማ የሰው ቋንቋ አይለይም፤ «ጌታዬም አብሮኝ እየጮኸ ነው፤ እንግዲያው ነገሩ ከባድ ነው» ብሎ ይበረታል። ሁለተኛው ስሕተት፣ አባወራው «በቃ» ሲሉ ባለቤታቸው «ዝም በል» ይላሉ፣ ልጆቹ «ሂድ» ይላሉ፣ አሮጊቷ አያት ደግሞ ትራፊ ይወረውሩለታል። በአንድ ቤት አራት ሕግ! በአራተኛው ቀን ቤተ ሰቡ ተሰብስቦ አንድ ቃል ላይ ተስማማ። አያትየውን ማስማማት ከውሻው የበለጠ ነው የደከመን።

የእኔም ድርሻ ነበረኝ። ጧት ጧት ቁራሽ ቂጣ በኪሴ ይዤ አልፋለሁ። መጀመሪያ የምቆመው ሩቅ ነው፤ ጠርጥር አይቶኝ ገና መጮኽ ካልጀመረበት ቦታ። እዚያ ሆኜ ቂጣውን ወደሱ እወረውራለሁ፣ ሳልቆም እሄዳለሁ። በሁለት በሦስት ቀን አንድ ጊዜ አንድ አምስት እርምጃ እቀርባለሁ። ከጮኸ ተጣድፌያለሁና ወደ ኋላ እመለሳለሁ። እንደዚህ እያልን ሰነበትን። አንድ ጧት ሳልፍ ጭራውን አንድ ጊዜ ነቅነቅ አደረገ። ዩኒቨርሲቲ ፈተና ያለፍሁ ዕለትም እንዲያ አልኮራሁም።

ነገር ግን አልዋሻችሁም፤ የመጀመሪያው ሳምንት ከቀድሞው የባሰ ነበር። አጥንቱ የቀረበት ውሻ «ምናልባት አነስተኛ ስለ ጮኽሁ ይሆናል» ብሎ ጩኸቱን ይጨምራል። ሰው ሁሉ ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ላይ ነው። በአምስተኛው ሌሊት ተሰላችታችሁ አንድ አጥንት ብትጥሉ፣ አምስት ሌሊት የመጮኽን ጥቅም አስተማራችሁት። ባለቤቲቱ «ውሻችንን አበላሸኸው» ብለው ተቆጥተውኛል። እኔም አንድ ቀን እጄ ወደ ድንጋይ ወርዶ ነበር።

ዱላስ? ብዙዎቻችሁ ትጠይቁኛላችሁ። ተመትቶ ዝም ያለ ውሻ አለ፤ እውነት ነው። ግን ውሻ መንከስ ሲያስብ በፊት ያጉረመርማል፣ ጥርሱን ያሳያል፤ ያ ማስጠንቀቂያ ነው። በማጉረምረሙ የተመታ ውሻ ማጉረምረሙን ይተዋል፤ ንክሻውን ግን አይተውም። ሳያስጠነቅቅ የሚነክስ ውሻ አጠገብ ልጅ ማሳደግ ምን ያህል እንደሚያስፈራ አስቡት።

ቡችላ ያላችሁ ከእኛ የቀለለ ሥራ አላችሁ። ቡችላ በተወለደ በሁለት ሳምንት ገደማ ዓይኑን ይገልጣል። ሁለት ወር ሳይሞላው ከእናቱ አትለዩት። ከሦስተኛው ሳምንት ጀምሮ ሦስት ወር እስኪያልፈው ድረስ ያየውን ሁሉ ወዳጅ አድርጎ የሚቀበልበት ጊዜ ነው። በዚያ ጊዜ በግ ይይ፣ ጥጃ ይይ፣ ሕፃንም ሽማግሌም ይይ፣ ጃንጥላ የያዘ ሰው ይይ። አንዳንድ ሰው ኃይለኛ እንዲሆን ብሎ ቡችላውን ጨለማ ውስጥ ያስረዋል፤ ጆሮውን ይቆርጠዋል። ከዚያ የሚወጣው ኃይለኛ ውሻ አይደለም፤ ፈሪ ውሻ ነው። ፈሪ ውሻ ደግሞ ሁሉን ይጮኽበታል፤ የጎረቤትን ልጅ ነክሶ ጅቡን ሲያይ ጎተራ ሥር ይገባል።

በሌላ አገር ለውሻ ትምህርት ቤት አለው ብላችሁ ታምናላችሁ? በ1978 በፈረንጆች አቆጣጠር በለንደን በተደረገ የውሾች ትርኢት ላይ ውሾች እንደ ፈረስ መሰናክል ሲዘሉ ለሕዝብ ታዩ። ዛሬ በብዙ አገር ሰዎች ውሻቸውን ይዘው ይማራሉ። ውሻው አጥር ይዘላል፣ በጠባብ ሳንቃ ላይ ይሄዳል፣ በረጅም ከረጢት ውስጥ ሾልኮ ይወጣል። ጌታው አጠገቡ እየሮጠ በእጁና በቃሉ ይመራዋል። ለእኛ አጥር መዝለል አያስፈልገንም፤ የእኛ ውሾች ሳይማሩም ይዘሉታል። የትምህርቱ ዘዴ ግን በአብዛኛው ያው ነው፤ ልክ ሲሠራ ወዲያው ቁራሽ፣ ሲሳሳት ዝም።

አሁን ሳቁን ትተን የምንሰማው ነገር አለ። አንድ ጩኸት አለ፣ ቂጣም «በቃ» የሚለው ቃልም የማይመልሰው። የውሻችሁ ድምፅ በድንገት ከተለወጠ፣ ጎርናና ከሆነ፣ ለሃጩ ከተዝረበረበ፣ እንጨትና ድንጋይ የሚነክስ ከሆነ፣ ጌታውን ካላወቀ፣ ያ የእብድ ውሻ በሽታ ሊሆን ይችላል። ሁልጊዜም እብድ ውሻ አይራወጥም። አንዳንዱ ጸጥ ይላል፤ መንጋጋው ይወድቃል፣ መዋጥ ያቅተዋል። ሰውም «አጥንት ሰንቅሮት ይሆናል» ብሎ እጁን አፉ ውስጥ ይከታል። ይህን ፈጽሞ አታድርጉ። በሽታው ያለው በለሃጩ ነው፤ በንክሻ፣ በቧጨራና በቁስል ላይ በመላስ ይተላለፋል።

ሰው ከተነከሰ ወዲያውኑ ቁስሉን በብዙ ውሃና በሳሙና እጠቡት፤ 15 ደቂቃ ሙሉ። ፍም አታስነኩት፣ ቅጠል አትጠቅጥቁበት። ከዚያ ሳታድሩ ወደ ጤና ጣቢያ። መርፌው ባንድ ቀን አያልቅም፤ ሐኪሙ የቀጠረውን ቀን ሁሉ ተወጉ። «አላመመኝም» ብላችሁ አትቅሩ፤ በሽታው ሳምንታት፣ ወራትም ተደብቆ ይቆያል። ምልክቱ ከታየ በኋላ ግን የሚያድን መድኃኒት የለም ማለት ይቻላል። ጸበል መጠመቁን አልከለክልም፤ እናቴም ወደዚያው ነው የምትወስደኝ። ግን መርፌውን አስቀድሙ።

በ1885 በፈረንጆች አቆጣጠር ዮሴፍ ማይስተር የሚባል የ9 ዓመት ልጅ በእብድ ውሻ ተነከሰ። እናቱ ከገጠር ይዛው ፓሪስ ወዳለው ሊቅ ወደ ሉዊ ፓስተር ሄደች። ፓስተር መድኃኒቱን በእንስሳ ላይ ሞክሮ ነበር እንጂ በሰው ላይ ገና እየፈራ ነበር። ልጁ ካልተወጋ መሞቱ የማይቀር መስሎ ስለ ታየው እንዲወጋ አደረገ። ልጁ ዳነ። ያች እናት «እስቲ ትንሽ እንጠብቅ» ብላ ቢሆን ኖሮ ይድን እንደሆነ ማን ያውቃል?

የነከሰው ውሻ በሕይወት ካለና ሳትነኩት ማሰር ወይም መዝጋት ከቻላችሁ 10 ቀን ይጠበቅ፤ ለእንስሳት ሐኪምም ንገሩ። የተነከሰው ሰው ግን አሥሩን ቀን አይጠብቅ፤ በዚያው ዕለት ይሂድ። ጤነኛ ውሻችሁንም በየዓመቱ አስከትቡ። ክትባት ሲመጣ ውሻውን የሚደብቁ አሉ፤ «ይሞትብኛል» ብለው። ጠርጥርን ለክትባት ስንወስደው ያለ ገመድ እግር በእግር ተከትሎን ነው የሄደው። ከአንድ ወር በፊት ይህ አይታሰብም ነበር።

የጠርጥር ነገርስ ምን ደረሰ ትሉኝ ይሆናል። እስካሁን ጃንጥላ የያዘ ሰው አይወድም። በገበያ ቀን ሰው ሲበዛ ያብዳል። የቀረውን ከአባወራው ደብተር ላንብብላችሁ፤ እሳቸው ፈቅደውልኛል። ቀጠሯችን ሊሞላ ሦስት ቀን ሲቀረው እንዲህ ብለው ጽፈዋል፦ «ሌሊት። ከመጀመሪያው ዶሮ በፊት። ጠርጥር ጮኸ። ድምፁ ወደ ታች ነው። ችቦ ይዤ ወጣሁ። ጅብ ከአጥሩ ሥር ይቆፍራል። ጮኽሁበት። ጎረቤት ወጣ። ሄደ። በጎቹ ደኅና ናቸው። በቃ አልሁት። ዝም አለ።»

ባለቤታቸው ይህን ሳነብ ሰምተው «ደብተሩን ሁሉ ለውሻ ጨረሰው፤ የበጉን ብድር የምንጽፍበት አጣን» ብለውኛል። በሚቀጥለው ሳምንት አዲስ ደብተር አመጣላቸዋለሁ።